በጠባብ የከተማ ቦታ ላይ ስለሚሠራ አነስተኛ የሥዕል ቤት፤ ነቀምቴንና የወለጋ ከተሞችን በመመልከት

መግቢያ

የሥዕል ቤት የምንለው ሥዕልና ሌላም የእጅ ጥበብ ሥራ ለሕዝብ የሚታይበትን፣ እንደ ሁኔታውም የሚሸጥበትን ቤት ነው፤ በዛሬው የከተማ ሰው አነጋገር ጋለሪ ይባላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው እንዲህ ያለው ቤት በነቀምቴና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች፣ ማለት በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ፣ አንድ የሱቅ ፊት በሚያህል ቦታ ላይ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ነው። የምናቀርበው አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የቦታው ጠባብነት ለሥዕል ቤት እንቅፋት አይሆንም፤ እንዲያውም በደንብ ከተያዘ ይረዳዋል። ቤቱን የሚያበላሹት ዝናብና ፀሐይ ናቸው። ስለዚህ ንድፉ የሚጀመረው ከጣራው ነው፤ የፊት ለፊቱ መልክ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

ጉዳዩ ሊታሰብበት የሚገባው ለምንድን ነው? ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆየች ከተማ ናት። የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት በውስጧ አለ፤ የወለጋ ሙዚየምም የአገሩን ዕቃና ታሪክ ያሳያል፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለባት። ይሁን እንጂ ሙዚየም ያለፈውን የሚጠብቅ ቤት ነው፤ ዛሬ የሚሣለውን ሥዕልና ዛሬ የሚቀረጸውን እንጨት ከሕዝብ ጋር የሚያገናኘው የሥዕል ቤት ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት ከተቋቋመበት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሠዓሊዎች ከየአውራጃው እየመጡ ተምረዋል። ነገር ግን ሥራቸው የሚታይበት ስፍራ ከዋናው ከተማ ውጭ ካልተገኘ፣ ያደጉበት አገር ሕዝብ ሥራቸውን ሳያይ ይቀራል፤ ለልጆችም ምሳሌ የሚሆን አይኖርም።

ስለ ቦታው ጠባይ

በወለጋ ከተሞች ዋና መንገድ ዳር የነበሩትና ዛሬም በአንዳንድ ስፍራ የሚታዩት የቆዩ ቤቶች ፊታቸው ሱቅ፣ ጀርባቸው መኖሪያ ነው። ግድግዳቸው ቋሚና ማገር ሆኖ በጭድ ጭቃ ይመረጋል፤ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው። ለነጋዴ ዋናው ሀብት የመንገዱ ዳር ስለሆነ ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂቱን ይካፈሉታል፤ በዚህም ምክንያት የአንዱ ሰው ድርሻ ከፊት ጠቦ ወደ ኋላ ይረዝማል። ነገሩ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ የጥንት ነጋዴዎች የሠሯቸው ቤቶችም ከፊት ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ግን ረጃጅም ናቸው፤ ለብርሃንና ለነፋስ ብለው በመካከል ትንሽ ግቢ ይተዉላቸዋል። ይህን የመካከል ግቢ ነገር አንባቢው እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እንዲህ ያለው ቦታ ለመኖሪያ ቤት የሚያስቸግርበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ በግራና በቀኝ ጎረቤት ስላለ መስኮት መክፈት አይቻልም። ለሥዕል ቤት ግን መስኮት የሌለው ረጅም ግድግዳ ማለት ሥዕል የሚሰቀልበት ግድግዳ ማለት ነው። ለመኖሪያ ጉዳት የነበረው ለዚህ ጥቅም ሆነ።

ለምሳሌ ስፋቱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ሜትር የሆነ ቦታ እንውሰድ። የሁለቱ ግድግዳዎች ውፍረት 40፣ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የውስጡ ስፋት 5 ሜትር ከ20 ይሆናል። ርዝመቱን በግምት እንደሚከተለው እንከፍለዋለን፤ ከመንገዱ በኩል 5 ሜትር ለመግቢያና ለመሸጫ፣ ቀጥሎ 8 ሜትር ለትልቁ የሥዕል ክፍል፣ ከዚያ 4 ሜትር ለግቢ፣ ከግቢው በኋላ 6 ሜትር ለትንሹ የሥዕል ክፍል፣ በመጨረሻም 2 ሜትር ለዕቃ ማከማቻ። በሁለቱ የሥዕል ክፍሎች የጎን ግድግዳ ብቻ ቢለካ 28 ሜትር ይሆናል፤ ለአንዱ ሥዕል ከነክፍተቱ 1 ሜትር ተኩል ቢሰጠው 18 ሥዕል ይይዛል ማለት ነው። ለአንድ ሠዓሊ ትርዒት ይህ በቂ ነው። ተመልካች አንድን ሥዕል ሙሉውን ለማየት የሥዕሉን ትልቁን ልክ እጥፍ ያህል መራቅ ይኖርበታል፤ ስለዚህ በክፍሉ መካከል የቆመ ሰው 1 ሜትር ከ30 የሚደርሰውን ሥዕል ከወዲያኛው ግድግዳ የሚያየውን ሳያውክ ሊመለከት ይችላል። ከዚህ የሚበልጠውን ሥዕል በክፍሉ ጫፍ ባለው ግድግዳ ላይ መስቀል ይገባል፤ እዚያ ርቀት ይገኛልና።

ስለ ብርሃን

ከፊት ለፊት የሚገባ ብርሃን 25 ሜትር ርዝመት ያለውን ቤት ሊያበራ አይችልም። ዛሬ በየከተማው እንደሚታየው የፊቱን ግድግዳ በሙሉ መስታወት ማድረግም አይጠቅምም፤ ሙቀት ያስገባል፤ የሚመለከተው ሰው ዓይኑ በውጭው ብርሃን ስለሚደነግዝ ውስጡን ሥዕል በደንብ አያየውም። ብርሃኑ ከላይ መምጣት አለበት። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ በለንደን በደልዊች የሚገኘውና ጆን ሶን የተባለው የሥነ ሕንፃ ሊቅ የነደፈው፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1817 ለሕዝብ የተከፈተው የሥዕል ቤት ብርሃኑን የሚያገኘው ከጣራው ነው፤ ግድግዳው በሙሉ ለሥዕል ቀርቷል።

ነገር ግን የአውሮጳን ጣራ እንዳለ አምጥቶ በነቀምቴ መትከል ስሕተት ነው። በዚያ አገር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ዘወትር በደቡብ በኩል ስለምትሆን፣ ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት የቀትር ፀሐይ አያገኘውም። ነቀምቴ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትውላለች፤ በቀረው ወራት በደቡብ ናት። በሰኔ አጋማሽ ከአናት ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰሜን ዞሮም ቢሆን መስኮቱ ጥላ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ስለምትውል ጥላው አጭር ቢሆን ይበቃል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ለሆነ መስኮት የቀትርን ፀሐይ ለመከልከል በሰሜን በኩል 26 ሴንቲ ሜትር፣ በደቡብ በኩል 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ የጣራ ጫፍ ይበቃዋል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትገባ ደግሞ የጎን ግድግዳዎቹን ከጣራው ጫፍ ጋር እኩል ማውጣት ይረዳል።

የብርሃኑ ብዛትም ልክ አለው። በዓለም ያሉ ሙዚየሞች በተለመደው ደንብ ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 ሉክስ ያህል፣ በወረቀት ላይ ለተሠራ ሥዕልና ለጨርቅ ግን 50 ሉክስ ብቻ ይፈቅዳሉ፤ ብርሃን ቀለምንና ክርን ቀስ በቀስ ይበላልና። ስለዚህ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ከላይ ብርሃን በሚያገኘው በትልቁ ክፍል ይሰቀላሉ። በወረቀት የተሠሩት ሥዕሎች፣ የጥጥ ሽመናውና የስፌቱ ሥራ ደግሞ ከግቢው በኩል ለስለስ ያለ የጎን ብርሃን ብቻ በሚያገኘው በትንሹ ክፍል ይቀመጣሉ፤ የግቢው መስኮት መጋረጃ ይኑረው። የኤሌክትሪክ መብራት ለማታና ለደመና ቀን አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ቤቱ እንዳይዘጋ ዋናው ብርሃን የቀን ብርሃን መሆን አለበት።

ስለ ዝናብና ስለ ጣራ

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደረስን። በነቀምቴ የሚዘንበው ዝናብ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ ከምሳሌያችን ቦታ ላይ ግቢው ሲቀነስ የሚቀረው ጣራ 126 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በዓመት 250,000 ሊትር ያህል ውሃ ይወርድበታል። በክረምት አንድ ብርቱ ዝናብ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢያወርድ ወደ 3,800 ሊትር ይሆናል። ይህ ሁሉ ውሃ በ6 ሜትር ስፋት ውስጥ መንገድ ማግኘት አለበት፤ ወደ ጎረቤት ግቢ የፈሰሰ እንደሆነ ጠብ ነው፤ ወደ ውስጥ የገባ እንደሆነ ደግሞ ሥዕሉ ጠፋ።

ጣራውን በፋብሪካ እንደሚደረገው እንደ መጋዝ ጥርስ ደርድሮ በየጥርሱ መሐል መስኮት ማድረግ ጥሩ ብርሃን ይሰጣል። ነገር ግን በየጥርሱ ሥር ውሃ የሚሰበሰብበት አሸንዳ ከሥዕሎቹ በላይ ያልፋል፤ በቅጠል የተደፈነ ዕለት ውሃው በቀጥታ ክፍሉ ውስጥ ይወርዳል። በጣራው ላይ መስታወት ማጋደምም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ በረዶ ይሰብረዋል፤ የቀትር ፀሐይም በቀጥታ ያልፍበታል። ስለዚህ የምንመርጠው ቀለል ያለውን መንገድ ነው። የትልቁ ክፍል ጣራ ከፊተኛው ክፍል ጣራ 1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይበል፤ ቁልቁለቱ ወደ መንገዱና ወደ ግቢው እንጂ ወደ ጎረቤት አይሁን። ከፍ ባለው ጣራ ሥር፣ አንዱ ከፊተኛው ክፍል ክዳን በላይ፣ ሁለተኛው ከግቢው በላይ፣ ቁመታቸው 1 ሜትር የሆነ ቋሚ መስኮቶች ይደረጉ። የላይኛው ጣራ ጫፍ 70 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ ለፀሐይም ለዝናብም ከለላ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ከሥዕሎቹ በላይ የሚያልፍ አሸንዳ አይኖርም፤ አሸንዳዎቹ ሁሉ ውጭ ይንጠለጠላሉ፤ ሰው በመሰላል ወጥቶ ይጠርጋቸዋል። ከግቢው በኩል የሚወርደው ውሃ ከፊሉ በበርሜል ተጠራቅሞ ለጽዳት ይውላል፤ የተረፈው ከወለሉ ሥር በተቀበረ ሰፊ ቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ይሄዳል።

ወፍራም ክፈፍ ያለው ጣራ ዝናብን እንዴት እንደሚያርቅ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ያሉት በረንዳዎች አስተማሪ ናቸው። በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ መደረግ አለበት፤ አለዚያ በክረምት ጩኸቱ ሰው ከሰው እንዳይነጋገር ያደርጋል፤ በበጋም ሙቀቱ ይወርዳል።

መንገዱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያየ እንደሆነ ግን እነዚህ መስኮቶች የጠዋትና የማታ ፀሐይ በቀጥታ ይመታቸዋል። ያን ጊዜ በመስኮቶቹ ላይ ቋሚ የእንጨት ርብራብ ማድረግ ወይም መስታወቱን ነጭ ደብዛዛ መምረጥ ያስፈልጋል። ነቀምቴ ኮረብታማ ስለሆነች መንገዶቿ ይጠማዘዛሉ፤ ስለዚህ ንድፍ ከመነሣቱ በፊት የቦታውን አቅጣጫ በኮምፓስ መለካት ይገባል።

ስለ ግድግዳ፣ ስለ ዕቃ ጥበቃና ስለ ሰው ደኅንነት

የጭቃ ግድግዳ ምስማር አይችልም፤ በየትርዒቱም ቢበሳሳ ይፈራርሳል። ስለዚህ ከወለሉ 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በክፍሉ ዙሪያ ከቋሚዎቹ ጋር የታሰረ የእንጨት አግዳሚ ማድረግና ሥዕሎቹን ከዚያ በቀጭን ሽቦ ማንጠልጠል ይሻላል። ይህ ለብሎኬት ግድግዳም ይጠቅማል፤ ምርጊቱን ያድናል። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 1 ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ዓይን ይስማማል። በክረምት ግድግዳው እርጥበት ስለሚይዝ ከሥዕሉ ጀርባ የጣት ውፍረት የሚያህል ክፍተት ይተውለት። በማከማቻው ክፍል ምንም ነገር በወለል ላይ አይቀመጥ፤ መደርደሪያው ከመሬት ከፍ ይበል፤ ምስጥና እርጥበት ሁለቱም ከታች ይመጣሉና።

የወለጋ ጥበብ ሥዕል ብቻ አይደለም። ደምቢ ዶሎ በወርቅ አንጥረኞቿ የታወቀች ናት፤ ከአንድ እንጨት የተጠረበ በርጩማ፣ ያጌጠ ቅልና የሣር ስፌት በየስፍራው ይሠራል። ለትናንሽ ዕቃዎች በወፍራሙ ግድግዳ ውስጥ መስታወት ያለው ትንሽ ቁም ሳጥን መቅበር መተላለፊያውን ሳያጠብ ያሳያቸዋል።

የሰው ደኅንነትም አይረሳ። ጠባብ ቤት አንድ በር ብቻ ካለው በእሳት ጊዜ ወጥመድ ነው፤ በስተ ኋላ የሚያስወጣ በር ከሌለ ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ ከግቢው የሚያወጣ በር ማግኘት ያስፈልጋል። በሮቹ ሁሉ 1 ሜትር ከ20 ይስፉ፤ ደረጃ በሚሆንበት ስፍራ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ተዳፋት ይደረግ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ካልነው የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። የሥዕል ቤት ለመሥራት ሰፊ ቦታና ትልቅ ሕንፃ መጠበቅ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እንኳ የተቋቋመው በቆየ ቤት ውስጥ ነው። በነቀምቴ ወይም በጊምቢ አንድ ሱቅ ወርዱ 6 ሜትር ቢሆን፣ ጣራው ከፍ ብሎ ቢከፈት፣ ውሃው በውጭ እንዲወርድ ቢደረግ፣ በመካከሉም ትንሽ ግቢ ቢተውለት፣ 18 ሥዕል በቀን ብርሃን ሊያሳይ ይችላል። ገንዘቡ የማይበቃ እንደሆነ መጀመሪያ ጣራውና አሸንዳው በደንብ ይሠሩ፤ የፊቱ ጌጥና ወለሉ ኋላ ሊመጡ ይችላሉ። ያልተጌጠ ቤት ሥዕልን አይጎዳም፤ የሚያፈስ ቤት ግን ሠዓሊው የዓመታት ድካሙን ያኖረበትን ሥራ በአንድ ክረምት ያጠፋዋል። ለከተማ አስተዳዳሪዎችም የምናሳስበው አለ፤ የቆዩት የመንገድ ዳር ሱቆች ፈርሰው በአዲስ ሕንፃ በሚተኩበት ጊዜ በየከተማው ቢያንስ አንዲቱ ጠባብ ቦታ ለዚህ ሥራ እንድትቀር ቢወሰን፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ለብዙ ትውልድ ነው።