የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ውጤትና ከበስተጀርባው የነበረው ድጋፍ

የትምህርት ዘመኑ ሲገባደድ በየትምህርት ቤቱ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ማካሄድ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ተማሪዎች ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ እናቶች እልል ይላሉ፤ በክብር እንግድነት የተገኘው የወረዳ ወይም የክፍለ ከተማ ኃላፊ የምስክር ወረቀት፣ መዝገበ ቃላትና ደብተር፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ያስረክባል። በማግስቱ ሪፖርት ይዘጋጃል። በሪፖርቱ ላይ ስንት ተማሪ እንደተሸለመ ይሰፍራል፤ ተማሪው ለዚያ ውጤት የበቃው ምን ተሟልቶለት እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይገለጽም።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር በ2017 ዓ.ም. መቶኛ ዓመቱን የደፈነው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ጥሩ ማሳያ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው አቅጣጫ የተሠራው ይህ የወንዶች ትምህርት ቤት ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በአገሪቱ ከነበሩት ጥቂት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው ከግብፅ በመጡ የኮፕት ቤተ ክርስቲያን ተከታይ መምህራን ነበር። የመምህራኑ ከግብፅ መምጣት አጋጣሚ አልነበረም። አዲሱ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል የሚለውን የካህናትና የመኳንንት ሥጋት ለማብረድ የተወሰደ እርምጃ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በልጅነታቸው በምኒልክ ትምህርት ቤት ተምረዋል። በስማቸው የተሰየመውን ትምህርት ቤት ያሠሩትም በግል ገንዘባቸው እንደሆነ ይታወቃል።

ለትምህርት ቤቱ የበላይ ተቆጣጣሪነት የተመረጡት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የጦር መኮንን እጅ ወደ ህንድ ተወስደው ያደጉና ሕክምና የተማሩ፣ በጎልማሳነታቸውም አገራቸውን ፈልገው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከወላጆቹ የተለየ አንድ ሕፃን የሚያስተምረውና የሚያኖረው ሲያገኝ ምን ሊሆን እንደሚችል የራሳቸው ሕይወት ምስክር ነበር። በዚህ ረገድ ምርጫው የተሳካ ነበር ማለት ይቻላል።

ከአገር ግዛት የመጡ ተማሪዎችን በተመለከተ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይበቃል። በጎጃም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርትን ከቅኔው ጋር ተምረው ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገብተዋል። በኋላም በጦርነቱ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተግዘዋል፤ ከነፃነት በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባቢ አቅርበዋል። በቅኔ ቤት የሰላ አእምሮ ይዞ የመጣው ወጣት የጎደለው የማሰብ ችሎታ ሳይሆን የውጭ ቋንቋና የዘመኑ ትምህርት ነበር። ትምህርት ቤቱ የሰጠውም እርሱን ነው። ስለ ትምህርት ቤቶች ውጤት ሲነገር ቀድሞ የነበረው የአገር ቤት ትምህርት ድርሻ ብዙ ጊዜ መዘንጋቱ ግን የሚያስቆጭ ነው።

በዚያን ጊዜ ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ አንብቦ መጻፍ የቻለ ወጣት ሥራ ፍለጋ አይንከራተትም ነበር፤ ሥራው ራሱ ይፈልገው ነበር። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ፣ ጸሐፊና ሒሳብ ሹም በእጅጉ ስለቸገራቸው ተማሪው ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ቢሮ የሚሳብበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ከተማሪዎቹ የተመረጡት ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት በውጭ አገር የተማሩ ኢትዮጵያውያን ቁጥር ወደ 200 ይጠጋ እንደነበር የታሪክ ምሁራን ይገምታሉ። ለዚያን ጊዜዋ ኢትዮጵያ ይህ ቁጥር ትልቅ ሀብት ነበር። ወራሪው ኃይል ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማሩ ወጣቶችን እየለየ መግደሉም የሀብቱን ዋጋ ጠንቅቆ ማወቁን ያሳያል።

ከነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቱ ዳግም ሲደራጅ የተወሰደው እርምጃ ለዛሬ የሥራ ኃላፊዎች ትኩረት የሚስብ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1945 ከካናዳ የኩቤክ ግዛት የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህራንን አስመጣ። መነኮሳቱ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው፣ የካህን ልብሳቸውንም ትተው ኮትና ክራቫት አድርገው ማስተማር ጀመሩ። መንግሥት የፈለገው የማስተማር ብቃታቸውንና ሥርዓት አክባሪነታቸውን ብቻ መሆኑን በግልጽ አስቀምጦ ነበር፤ እነርሱም በዚሁ ተገዝተዋል። ትምህርት ቤቱን የመሩት ሉሲየን ማት በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ከሥራ ባልደረቦቹ ዋነኞቹ እነዚሁ መምህራን ነበሩ። በሌላ አነጋገር የአገሪቱ የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ከአንድ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚሁ ዘመን ሌሎች ሁለት የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤቶችም ተከፍተዋል። በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ መምህራን የተደራጀው ጄኔራል ዊንጌት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ጀመሩ። አዳሪ መሆን ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሚገባ ማስተዋል ያስፈልጋል። ተማሪው አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ፣ የደንብ ልብስ፣ መጽሐፍና ደብተር ከመንግሥት ያገኛል፤ ማታ በኤሌክትሪክ መብራት ያጠናል፤ ቤተ መጻሕፍት በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነው፤ መምህሩም እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራል። የገበሬ ልጅ ከብት ከመጠበቅ፣ የከተማ ድሃ ልጅ ውኃ ከመቅዳትና ከመላላክ ተላቆ ሙሉ ቀኑንና ምሽቱን ለትምህርት ያውላል። ለተማሪ ከሚሰጥ ነገር ሁሉ ይህን ያህል ዋጋ ያለው አልነበረም ብሎ መናገር ይቻላል፤ ጊዜ ነው የተሰጠው።

በዚህ መንገድ ከየአውራጃው ጎበዞች መጥተዋል። ከአምቦ አካባቢ የመጡት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከዊንጌት ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም ከአድዋ መጥተው በዚያው ትምህርት ቤት ተምረው በ1964 ዓ.ም. ሲያጠናቅቁ በከፍተኛ ውጤታቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን ሽልማት አግኝተው ሕክምና ለማጥናት ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቶችን እየተዘዋወሩ መጎብኘትን፣ ሽልማት በእጃቸው መስጠትን የዘወትር ሥራቸው አድርገውት ነበር። በገና በዓል ተማሪዎች ወደ ቤተ መንግሥት ሄደው ሹራብና ብርቱካን ይቀበሉ እንደነበር በዘመኑ የተማሩ ሁሉ የሚያስታውሱት ነው።

ይሁን እንጂ ሽልማቱ ታዛዥነትን አላስከተለም። በኮተቤ ተምረው አሜሪካ አገር ደርሰው የተመለሱት ገርማሜ ንዋይ በ1953ቱ የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ግንባር ቀደም ሆኑ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎችም ድጋፋቸውን በአደባባይ ገለጹ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡትም በመንግሥት ወጪ ከተማሩት መካከል ናቸው። ማንበብና ማነፃፀር የለመደ ወጣት ያነበበውን ካለበት ሁኔታ ጋር ማነፃፀሩ አይቀርም። ይህን እንደ ትምህርት ቤቶቹ ጉድለት የሚቆጥሩ ነበሩ፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ከውጤቶቻቸው አንዱ አድርጎ ያየዋል።

እውነተኛው ጉድለት ሌላ ቦታ ላይ ነበር። የመጀመሪያው የሴቶች ነገር ነው። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1923 ዓ.ም.፣ ማለትም ከምኒልክ ትምህርት ቤት ከ20 ዓመታት በላይ ዘግይቶ ነው። የወንዶቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሦስት በሆኑበት ጊዜ ለሴቶች የነበረው ዕድል ከዚያ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በዚህም ምክንያት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የመጀመሪያ ዓመታት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። የወንዶቹ ውጤት በሚደነቅበት ወቅት የእህቶቻቸው ስም በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረው ሰነፎች ስለሆኑ እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ በሩ ለእነርሱ አልተከፈተም። ሁለተኛው የሥፍራ ጉዳይ ነው። ሦስቱም ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ስለነበሩ የአገር ግዛት ልጅ ዕድሉን ለማግኘት ስለ ትምህርት ቤቱ የሚነግረው መምህር ወይም ዘመድ ያስፈልገው ነበር። ያን ያላገኘው ስንት እንደሆነ የሚቆጥር አልነበረም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወጡት ውጤቶች የትምህርት ሥርዓቱን ትክክለኛ ገጽታ አሳይተዋል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ብቻ 1 ሺህ 328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ማሳለፍ አልቻሉም። በአንጻሩ በመቀሌ በትግራይ ልማት ማኅበር የተቋቋመውን ቃላሚኖንና በአዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበርን ትምህርት ቤት የመሳሰሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በከፍተኛ ውጤት ስማቸው ሲጠራ ቆይቷል። ትምህርት ሚኒስቴርም እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶችን በተለያዩ አካባቢዎች ለማስፋፋት አቅዷል። አሠራሩ በመሠረቱ የእነ ተፈሪ መኮንንና የእነ ዊንጌት ነው፤ ጎበዙን መርጦ፣ አልጋና ምግብ ሰጥቶ፣ ብቁ መምህር መድቦ ጊዜውን ለትምህርት እንዲያውል ማድረግ። ትልቁ ልዩነት የዛሬዎቹ ሴቶችንም የሚቀበሉ መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ በሪፖርት አዘገጃጀት ረገድ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተማሪዎቹን በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉንም ቢያሳልፍ፣ ከውጤቱ የተወሰነው ተማሪው ሲገባ ይዞት የመጣው ነው። በአንጻሩ ያለ ቤተ መጻሕፍት፣ ያለ ቤተ ሙከራና በተጓደለ የመምህር ቁጥር የሚሠራ የገጠር ትምህርት ቤት አምስት ተማሪ ቢያሳልፍ ያደረገው ጥረት ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱን በማለፍ ምጣኔ ብቻ ደርድሮ አንዱን መሸለም ሌላውን መገሠጽ ተገቢ አይሆንም። ተማሪዎቹ ሲገቡ የነበራቸው ውጤት፣ ስንቶቹ ከገጠር እንደመጡ፣ ስንቶቹ ሴቶች እንደሆኑና ስንቶቹ አቋርጠው እንደወጡ አብሮ ሲቀርብ ነው ንጽጽሩ ፍትሐዊ የሚሆነው። እነዚህ መረጃዎች በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ያሉ ናቸው፤ ለማሰባሰብ ተጨማሪ በጀት አይጠይቁም።

የሽልማቱም ዓይነት ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል። ለአንደኛ ደረጃ ተሸላሚ የሚሰጠው ላፕቶፕ መብራት በሌለበት ቀበሌ ከማስታወሻነት አያልፍም። ተማሪው ከተማ ተከራይቶ 11ኛና 12ኛ ክፍልን እንዲማር የቤት ኪራይና የቀለብ ወጪው የሚሸፈንበት መንገድ ቢመቻች ግን የቀድሞዎቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው የሰጡትን ጊዜ መስጠት ይሆናል። በተለይ ለሴት ተማሪዎች ከትምህርት ቤቱ አጠገብ አስተማማኝ መኖሪያ ማግኘት ትምህርቱን ከመቀጠልና ከማቋረጥ አንዱን የሚወስን ነው። በየአካባቢው ያሉ የልማት ማኅበራት፣ ባለሀብቶችና በውጭ የሚኖሩ ተወላጆች ለተማሪ ሽልማት የሚያዋጡትን ገንዘብ በከፊል ለዚህ ማዋል የሚከለክላቸው ነገር የለም።

የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ወደ እንጦጦ ተለውጦ፣ የወንዶች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሁሉንም የሚያስተናግድ ሆነ፤ ግቢውም በኋላ ለቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ዋለ። ጄኔራል ዊንጌትም እንዲሁ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። የኮተቤው ግቢ መምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ ቆይቶ ዛሬ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ነው። ቀድሞ ወንዶች ብቻ ያድሩበት ከነበረው ከዚህ ግቢ ዛሬ በየዓመቱ ወደየትምህርት ቤቱ ከሚሰማሩት መምህራን መካከል ሴቶችም ይገኙበታል።