ቁጥሩ ተለወጠ፣ ጌሙ ያው ነው

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ፣ ሞጆ ወይም ባቱ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉና ባለቤቱን "አዲሱ ገብቷል?" ብላችሁ ጠይቁት። "ዝውውሩ ተስተካክሏል፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?" ቢላችሁ አይግረማችሁ። እውነት ለመናገር ይቺ አጭር መልስ ከብዙ ረጃጅም ትንታኔዎች በላይ ነገሩን ትገልጸዋለች። በየዓመቱ የሚወጣው የእግር ኳስ ጌም ከአምናው በደንብ የሚለየው በማሊያና በተጫዋች ዝርዝር ነው።

ኤሌክትሮኒክ አርትስ (ኢኤ) የመጀመሪያውን የፊፋ ጌም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ እያለ 30 ዓመት ገደማ ዘለቀ። በ2023 ኩባንያው ከፊፋ ጋር ተለያይቶ ጌሙን "ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24" ብሎ ሲሰይመው ብዙዎቻችን "አሁንማ ነገሩ ይለወጣል" ብለን ነበር። ሴት ተጫዋቾች ከወንዶቹ ጋር በአልቲሜት ቲም መሰለፍ ጀመሩ፤ ጥሩ ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አምስት ለአምስት የሚያጫውተው "ራሽ" ተጨመረ። ጆይስቲኩን ስትይዙት ግን እጃችሁ ሁሉንም ያውቀዋል። በስም ለውጡ የተገኘውን ዕድል ኩባንያው አልደፈረበትም።

የባሰም አለ። ኢኤ ለኒንቴንዶ ስዊች ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23 ድረስ "ሌጋሲ ኤዲሽን" እያለ ለአራት ተከታታይ ዓመታት ሸጧል። በውስጡ የታደሰው ማሊያውና ስብስቡ ነው፤ አጨዋወቱ የድሮው ነው።

ጠላው ሲያልቅ ጋኑ ላይ ውሃ እየተጨመረ የሚቀዳውን ቅራሪ እንለዋለን። ቅራሪም ይጠጣል፤ ችግሩ በጠላ ዋጋ ሲሸጥ ነው። ተፎካካሪው ኮናሚ ቢያንስ በዚህ ታማኝ ነበር። ፔስ 2021ን ሲያወጣ "ይሄ የፔስ 2020 የውድድር ዘመን ማደሻ ነው" ብሎ ስሙ ላይ ጻፈበት፣ ዋጋውንም ቀነሰ።

ታዲያ ለምን አይደፍሩም? አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ኢኤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ላይ በተጠናቀቀው የበጀት ዓመት ከአልቲሜት ቲም ብቻ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ይሄን ያህል የሚታለብ ላም ያለው ሰው መኖዋን ለመቀየር ይፈራል። ሁለተኛው ምክንያት የኮናሚ ውድቀት ነው። ኮናሚ በመስከረም 2021 ሁሉንም እንደ አዲስ ሠርቶ ኢፉትቦል 2022ን በነፃ ለቀቀ። የተጫዋቾቹ ፊት ተበላሽቶ የዓለም መሳቂያ ሆነ፤ ስቲም ላይም ከተጫዋቾች እጅግ የከፋ አስተያየት ከተሰጣቸው ጌሞች ተርታ ገባ። የደፈረው ሲወድቅ ያየው ሌላው ቦታውን አጥብቆ ያዘ። ግን ኮናሚ እያስተካከለ ቀጠለ፤ ዛሬ ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ የምትጫወቱት ያንኑ ኢፉትቦል ነው።

ወደ አዳማ እንመለስ። የፕሌይስቴሽን 5 አዲስ ጌም 70 ዶላር ይሸጣል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ይህ በትንሹ ከ7 ሺህ ብር ያልፋል። አንድ ጨዋታ 20 ብር ቢታሰብ፣ መብራትና ኪራይ ሳይቆጠር፣ ወጪውን ብቻ ለመመለስ 350 ጨዋታ ያስፈልጋል። ይሄ ሁሉ ለስም ዝርዝር! የሚከፍለው ደግሞ ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሳንቲሙን ቆጥሮ የሚመጣው ልጅም ነው።

ያ ልጅ የአዳማ ከተማ ደጋፊ ሊሆን ይችላል። የፕሪሚየር ሊጋችንን ጨዋታዎች በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አይቷል። ጌሙን ሲከፍት ግን አዳማ ከተማ የለም፣ ጊዮርጊስ የለም፣ ቡና የለም። የደቡብ አፍሪካዎቹ ካይዘር ቺፍስና ኦርላንዶ ፓይሬትስ ለበርካታ ዓመታት ፊፋ ጌም ውስጥ ነበሩ፤ ስለዚህ አፍሪካዊ ክለብ ማስገባት የማይቻል ነገር አይደለም። ለዚህ ነው "ያለ ስጋት እንሂድ" የሚለው አካሄድ እኛን በተለይ የሚጎዳን። የለመደው ገበያ ብቻ በየዓመቱ ሲታደስ፣ ከመጀመሪያውም ያልነበርነው ሳንኖር እንቀራለን።

እና ምን እናድርግ? በየዓመቱ መግዛት ግዴታ አይደለም። ሦስት ዓመት ጠብቃችሁ ብትገዙ ቢያንስ ልዩነቱ ይታያችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ስሞቹና ማሊያዎቹ ቢነሱ ምን አዲስ ነገር ይተርፋል? መልሱ "ምንም" ከሆነ አምና የገዛችሁት ይበቃችኋል። ኮምፒውተር ላይ የምትጫወቱማ ታውቁታላችሁ፤ የቆየ ፔስ ላይ ፓች እየጫኑ ዝውውሩን በየዓመቱ የሚያድሱ ልጆች ሞልተዋል። 70 ዶላር የሚጠየቅበትን ሥራ በነፃ እየሠሩት ነው።