ገመድ አልባ ኢንተርኔት፦ የትኛው ኩባንያ ይሻላል?

ከደብሊን፣ ኦሃዮ

በደብሊንና በኮሎምበስ ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ፣ ከአገር ቤት ወሬ ቀጥሎ የማይቀረው ጥያቄ «ለኢንተርኔት የቱን ይዘሃል?» የሚለው ነው። ነገሩ የቅንጦት አይደለም። የልጆች የቤት ሥራ፣ የታክሲና የከባድ መኪና ሹፌሮች እንጀራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አገር ቤት ካለች እናት ጋር ፊት ለፊት መተያየት በዚሁ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ፈትሼ የደረስኩበትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ስሙ ቢበዛም አገር አቀፍ የሞባይል ኔትወርክ የዘረጉት ትልልቅ ኩባንያዎች ሦስት መሆናቸው ነው፦ ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ-ሞባይል። አራተኛው ስፕሪንት እ.ኤ.አ. በ2020 በቲ-ሞባይል ተጠቅልሏል። በርካሽ የሚሸጡት በእነዚሁ ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ቪዚብል በቬራይዘን፣ ክሪኬት በኤቲ ኤንድ ቲ፣ ሚንት በቲ-ሞባይል። ዋጋቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በውዱ ጥቅል ለገባው ደንበኛ ነው። ርካሹ ጥቅል ጠዋት እንደ ፈረስ ጋልቦ ማታ እንደ ኤሊ የሚያዘግመው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ «5ጂ» የሚለው ማስታወቂያ ነው። 5ጂ ሁሉ አንድ አይደለም። ዝቅተኛው ሞገድ ሩቅ ይጓዛል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ፍጥነቱ ግን ከ4ጂ ብዙ አይርቅም። ከፍተኛው እጅግ ፈጣን ነው፤ ግድግዳና የዛፍ ቅጠል ግን ያግደዋል። ለቤት የሚበጀው መካከለኛው ነው። ሻጩን «5ጂ አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። «በእኔ አድራሻ ላይ የትኛው ሞገድ ይደርሳል?» ነው መባል ያለበት።

«እስከ» የምትለዋንም ቃል አትለፏት። «እስከ 300 ሜጋቢት» ማለት ጣሪያው እንጂ ወለሉ አይደለም። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ለብሮድባንድ ያወጣው መለኪያ 100 ሜጋቢት ለመቀበል፣ 20 ሜጋቢት ለመላክ ነው። ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ መቀበያው ብቻ ነው፤ እናታችሁ የእናንተን ፊት የምታየው ግን በመላኪያው ነው።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ? አንደኛ፣ የኮሚሽኑን የሽፋን ካርታ ከፍቶ የራስን አድራሻ ማየት፣ ከዚያም ጎረቤትን መጠየቅ። ሁለተኛ፣ የሙከራ ጊዜ የሚሰጥ ኩባንያ መያዝና ፍጥነቱን ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ እስከ አራት ሰዓት ድረስ መለካት። እኔ መሣሪያውን ከምድር ቤት እስከ ፎቅ እያዘዋወርኩ ስለካ፣ በአንዱ ቤት ውስጥ በመስኮት አጠገብና በምድር ቤት መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ኩባንያዎች መካከል ካለው ልዩነት በልጦ አግኝቼዋለሁ። ሦስተኛ፣ ከመፈረም በፊት ሻጩ እንዲያሳይ በሕግ የሚገደድበትን የዋጋና የፍጥነት መግለጫ መጠየቅ፤ ወርኃዊው ክፍያ፣ ተጨማሪው ክፍያና የዳታው ገደብ እዚያ ላይ ተጽፏል። ከባድ መኪና የሚነዳ ወገን ደግሞ የቤቱን ብቻ ሳይሆን የመንገዱን ሽፋን ይመልከት፤ ኮሎምበስ ላይ የሚሠራው ሁሉ በደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ ኮረብታዎች መካከል አይሠራም። በወር 30 ዶላር ይደጉም የነበረው የመንግሥት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ስላበቃ፣ በእሱ ተስፋ ውል የሚያስፈርም ካለ ተጠንቀቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ብዙዎቻችን ውዱን ጥቅል የምንገዛው ከቤተሰብ ጋር የሚደረገው ጥሪ እንዳይቆራረጥ ብለን ነው። ለአንድ የቪዲዮ ጥሪ ግን ጥቂት ሜጋቢት ይበቃል፤ ጥሪውም የሚሮጠው በደካማው ጫፍ ልክ ነው። አገር ቤት እስከ 2022 ድረስ የነበረው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ አማራጭ አገኘ። ይሁንና በኖቬምበር 2020 በትግራይ እንደሆነው ሁሉ፣ በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሁለተኛ ኩባንያ መኖሩ ለባህር ዳርና ለጎንደር እናቶች የፈየደው ነገር አልነበረም። ማጥፊያው በመንግሥት እጅ ከሆነ የኩባንያ ብዛት ብቻውን ምርጫ አይባልም። እኛም በዚህ ጫፍ 1,000 ሜጋቢት ብንገዛ የተዘጋውን አይከፍተውም።

እንግዲህ እዚህ ያገኘነውን የመምረጥ ዕድል በማስታወቂያ ሳይሆን በልኬት እንጠቀምበት። በስም ሳይሆን በአድራሻችን፣ በፍጥነት ብቻ ሳይሆን በሚያስፈልገን ልክ እንግዛ። የተረፈው ዶላር ለአገር ቤት ይሁን።

ቸር ይግጠመን።