ከቃጠሎ የተረፈ ንብረት በአርሲ ደጋ

በአርሲ ደጋ የገበሬ ቤት መኖሪያም፣ ጎተራም፣ የዘር ማስቀመጫም ነው። ገንዘብና ሰነድ የሚቆለፍበት ሳጥንም እዚያው ነው። ቤቱ ሲቃጠል የዓመቱ ቀለብ፣ የመጪው ክረምት ዘር፣ የመሬት ደብተርና የቤተሰቡ ልብስ በአንድ ሌሊት ለአደጋ ይጋለጣሉ።

አደጋው የሚበረታው በበጋ ነው። ስንዴና ገብስ ከተወቃ በኋላ ገለባው ደርቆ ከቤት ጥግ ይከመራል፤ ነፋሱም ይጠነክራል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በጭላሎ ተራራ ወገብ ያሉት ቀበሌዎች ደግሞ ከዚያም በላይ ናቸው። በእነዚህ አካባቢዎች ከብርዱ የተነሳ ምድጃው እሳት እንደያዘ ያድራል። እሳት ከተነሳ ደግሞ ማጥፋቱ ቀላል አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሳ፣ የእሳት አደጋ መኪና ባለበት ከተማ እንኳን ቃጠሎውን ለመቆጣጠር ሰዓታት ወስዷል። በገጠር ቀበሌ ደግሞ ቀድሞ የሚደርሰው ውሃና አፈር ይዞ የሚሮጥ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እሳቱ የሚጠፋው ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ የሚቀረው ሥራ የተረፈውን ማዳን ይሆናል። የተረፈው ንብረት የሚድነው ወይም ዳግም የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሲሆን፣ በእነዚያ ቀናት ትልቁ ጠላት ጥድፊያ ነው።

መጀመሪያ የሚጠበቀው ሰው ነው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ከላይ ጠፍቶ ከመሬት በታች ሊነድ ይችላል፤ ገለባ ውስጥ የተዳፈነ ፍም ከቀናት በኋላም ይነሳል። ማገሩ የተቃጠለ የጭቃ ግድግዳ ቆሞ ቢታይም በድንገት ይናዳል። መብራት የገባበት ቤት ከሆነ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለሙያ መስመሩን ሳይቆርጥ ማንም መግባት የለበትም። ሲገባም ጫማ አጥልቆ፣ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ ነው። ሕፃናት ከአመዱ ይራቁ። ምንም ነገር ከመነሳቱ በፊት የተቃጠለውን በስልክ ፎቶ ማንሳትና በምስክር ፊት መዝግቦ መያዝ ለቀበሌም፣ ለፖሊስም፣ ለመድንም ማስረጃ ይሆናል።

ቀድሞ የሚፈለገው ወረቀት ነው። ውሃ የነካው ሰነድ በሁለት ቀን ውስጥ ሊሻግት ይችላል። የተጣበቀ ገጽ በጉልበት አይላቀቅም፤ በንጹሕ ጨርቅ መሐል ተደርጎ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ይደርቃል። የከሰለ ወረቀት ሲነካ ስለሚፈረፈር ከነተቀመጠበት በካርቶን ይነሳል። በብራና የተጻፈ ዳዊት ሙቀት ስለሚያኮማትረው ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ለቁርኣንና ለሌሎች መጻሕፍትም ጥላው ይሻላል። የነደደ ሰነድ ግን መብትን ይዞ አይነድም። የመሬት ይዞታው በወረዳው የመሬት አስተዳደር መዝገብ ላይ ይገኛል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የተመዘገበ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በወሳኝ ኩነት መዝገብ ውስጥ አለ። የብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ ቁጥርም ከጣት አሻራ፣ ከዓይን ብሌንና ከፊት ምስል ጋር ስለተያያዘ ካርዱ ቢቃጠልም አይጠፋም።

የተቃጠለ የብር ኖት ተጠቅልሎ ከተገኘ አይዘረጋም፤ እንዳለ በጠንካራ ዕቃ ተደርጎ ባንክ ይወሰዳል። ለጌጣጌጥ ደግሞ አመዱን በወንፊት መንፋት ያስፈልጋል። ብር የሚቀልጠው በ962፣ ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ሳይቀልጡ የሚተርፉበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢቀልጡ እንኳን ዋጋቸው በሚዛን ይቆያል።

ለገበሬው ከሁሉ የሚከብደው የእህሉ ጉዳይ ነው። ጆንያው ከላይ ቢከስልም መሐሉ ሊተርፍ ይችላል። የጢስ ሽታ የዘለቀው፣ ፕላስቲክ የቀለጠበት ወይም ፀረ አረምና ፀረ ተባይ አጠገቡ የተቃጠለ እህል ግን ለሰውም ለከብትም አይሆንም። ጤነኛ የሚመስለውም እህል ለዘር ከመታሰቡ በፊት ይፈተናል፤ ሙቀት ፍሬውን ሳያጠቁር ጽንሱን ይገድላልና። 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፣ እርጥበቱን ጠብቆ ለሰባት ቀን ማቆየት፣ ከዚያ የበቀለውን መቁጠር ነው። 85 ያህሉ ካልበቀለ ለዘር አይታመንም። የቢራ ገብስም ያው ነው፤ ብቅል የሚሠራው ከሚበቅል ገብስ ስለሆነ እሳት የነካው ገብስ ለአሰላ ብቅል ፋብሪካ አይረባም። ዋናው ዘር የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ ስለሆነ ፈተናው በበጋ ከተደረገ ምትክ ለመፈለግ ጊዜ ይተርፋል።

በፕላስቲክ ዕቃ የነበረ በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ፣ እንዲሁም እሳት ያገኘው መድኃኒት ይጣላል። ጋቢ፣ ነጠላና ብርድ ልብስ መጀመሪያ ደጅ ይራገፋሉ። ጥላሸት ቅባት ስላለው ሳይራገፍ ውሃ ከነካው ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከተራገፈ በኋላ ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ ያድነዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በባለሙያ ሳይታይ አይሰካም። ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ በእሳቱ ጥንካሬያቸው ይላላል፤ ቀጥቃጭ እንደገና አግሎ ሲያነክራቸው ይመለሳሉ። የጣሪያው ቆርቆሮ ደግሞ ከዝገት የሚጠብቀው ዚንክ በ420 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በቀጣዩ ክረምት ይዝጋል። ለአጥር እንጂ ለአዲስ ቤት ክዳን አይመከርም።

ይህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ አቅም አይደለም። እድሩ ያዋጣል፣ ደቦው ቤቱን ያቆማል፤ በኦሮሞ ባህል የተጎዳን መልሶ የማቋቋም ሥርዓት የሆነው ቡሳ ጎኖፋም ዛሬ በክልሉ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሆኖ ተቋቁሟል። ጎረቤት ገንዘብና እህል ከማዋጣቱ ጋር የተረፈውን ንብረት ሌሊት በተራ ቢጠብቅ፣ በመለየቱና በማጠቡም ቢያግዝ እርዳታው ይሞላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከእሳቱ በፊት የሚደረገው ነው። የሰነድ ቅጂ በዘመድ ቤት ይቀመጥ፤ ገንዘብ ባንክ ይግባ፤ የገለባ ክምርም ከቤት ይራቅ። ዘሩም በሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀመጥ፤ አንዱ ቢቃጠል በሌላው ይዘራልና።