የሥራ ልምድና ከሥራው ጋር ያልተዛመደ የትምህርት ማስረጃ፦ የካናዳና የአውስትራሊያ አመዛዘን

አንድ ሰው በዩኒቨርስቲ የተማረው ትምህርትና በኋላ የሚተዳደርበት ሙያ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። በታሪክ የተመረቀው የሒሳብ ሠራተኛ፣ በባዮሎጂ የተመረቀው የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሰው ባለሙያዎችን በነጥብ መዝኖ ወደሚቀበል አገር ለመሄድ ባመለከተ ጊዜ፣ ለሙያው ምሥክር የሚሆነው ዲግሪው ነው ወይስ ሥራው የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሁለት አገሮች አሠራር ሁለት የተለያዩ መልሶችን ያሳያል።

ካናዳ የነጥብን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 በተሻሻለው ደንብ መሠረት ለፌዴራሉ የባለሙያዎች ዘርፍ ማለፊያው ከ100 ነጥብ 67 ሲሆን፣ ለትምህርት እስከ 25፣ ለሥራ ልምድ እስከ 15 ነጥብ ተመድቧል። በውጭ አገር የተገኘ የትምህርት ማስረጃም አቻ ግምት እንዲሠራለት በዚያው ዓመት ተደነገገ። ይሁን እንጂ ግምቱ የሚያረጋግጠው የትምህርቱን ደረጃ እንጂ ከሥራው ጋር ያለውን ዝምድና አይደለም። ስለዚህ ትምህርትና ልምድ ለየብቻቸው ይመዘናሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀንስም።

የአውስትራሊያ መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። አመልካቹ አስቀድሞ ለሙያው በተመደበው ገምጋሚ አካል ዘንድ ብቁነቱን ማስመስከር አለበት። የኮምፒዩተርን ሙያ የሚገመግመው የአውስትራሊያ ኮምፒዩተር ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለብዙ ዓመታት በሠራበት መመሪያ፣ ዲግሪው ከሙያው ጋር በቅርብ የተዛመደ አመልካች ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የ2 ዓመት ልምድ ሲጠየቅ፣ ዲግሪው ከኮምፒዩተር ጋር ፈጽሞ ያልተዛመደው ግን 8 ዓመት ይጠየቅ ነበር። ከእነዚህም 6ቱ ከተመረጠው ሙያ ጋር በቅርብ በተዛመደ ሥራ የተሠሩ መሆን ሲኖርባቸው፣ 2ቱ በማናቸውም የኮምፒዩተር ሥራ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። በተጨማሪም ዕውቀቱን የሚገልጹ ሁለት የፕሮጀክት ሪፖርቶች ያቀርብ ነበር።

የጉዳዩ ክብደት የሚታወቀው በዚህ መንገድ የታሰቡት ዓመታት ለነጥብ ዳግመኛ የማይቆጠሩ በመሆናቸው ነው። ከአውስትራሊያ ውጭ የተሠራ የ3 ዓመት ልምድ 5፣ የ5 ዓመት 10፣ የ8 ዓመት 15 ነጥብ ያስገኛል፤ ከ3 ዓመት በታች ምንም አያስገኝም። እያንዳንዳቸው 9 ዓመት በተመሳሳይ የኮምፒዩተር ሥራ ያገለገሉ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፣ የተዛመደ ዲግሪ ያለው 7 ዓመት ቀርቶለት 10 ነጥብ ሲያገኝ፣ በጂኦግራፊ የተመረቀው 1 ዓመት ብቻ ስለሚቀረው ባዶውን ይቀራል። ማለፊያው 65 ነጥብ በሆነበት ሥርዓት ይህ ልዩነት ዕድልን የሚወስን ነው። የሚያስገርመው ግን፣ በሙያ ግምገማው ያልረዳው ይኸው የመጀመሪያ ዲግሪ በትምህርት ዓምድ ከሌላው ሰው ጋር እኩል 15 ነጥብ የሚያስገኝ መሆኑ ነው።

ለጥብቅነቱ ምክንያት አለው። ዲግሪ በተወሰነ ሥርዓተ ትምህርትና በፈተና የተረጋገጠ ሲሆን፣ የሥራ ልምድ ግን የሚታወቀው በአሠሪው ደብዳቤ ነው። የሥራ መደቡን ስም ብቻ የሚጠቅስ ደብዳቤ ሰውየው ምን እንደሚያውቅ አይናገርም። ዝርዝር ተግባሩ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ የሥራው ሰዓት ሊገለጽ ይገባል። ከኢትዮጵያ በሚሰጥ ማስረጃ ላይ ደግሞ፣ ሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለያዩ፣ ቀኑ በየትኛው እንደተጻፈ ካልተመለከተ የአገልግሎት ዘመኑ የተሳሳተ ሊመስል ይችላል።

ከዚህም የሚታየው ችግር የስደት ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ፣ ችሎታ በመደበኛ ትምህርትም ሆነ በሥራ ላይ ቢገኝ በሙያ ብቃት ምዘና እንዲረጋገጥ መንገድ ከፍቷል። በዚህ አሠራር የሚጠየቀው ሠራተኛው የት እንደተማረ ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚችል ነው። በሥራ የተገኘ ዕውቀት በዓመታት ብዛት ብቻ ከመቆጠር ይልቅ በራሱ መመዘኛ ቢፈተን፣ ለገምጋሚውም ለተገምጋሚውም የተሻለ ፍትሕ ያስገኛል።