ሞላው ሳይሆን ጭቃው

ክረምት ሲገባ እዚህ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ለጥገና የሚመጡልኝ የማውንቴን ብስክሌቶች ቅሬታቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የፊቱ አሞርዛተር ደርቆ እጄን ጨረሰው፤ ሞላውን ይቀይሩልኝ።» ሞላ ግን ብረት ነው፤ በአንድ ክረምት አይጠነክርም።

መጀመሪያ የምነካው ጎማውን ነው፤ ከልክ በላይ ከተነፋ እሱም እጅ ይመታል። ጎኑ ላይ የተጻፈው 65 ፒኤስአይ የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም። በኮብልስቶንና በጠጠር ለሚነዳ 60 ኪሎ ልጅ 35 አካባቢ ይበቃዋል።

ቀጥዬ የፊት ፍሬኑን ይዤ መሪውን በዝግታ እጫናለሁ። ደህና አሞርዛተር እጅ ገና ሲያርፍበት መስመጥ ይጀምራል። የተያዘው እምቢ ብሎ ይቆይና ድንገት ይወርዳል፤ ይህ ፍትጊያ ነው። በቀላሉ ሰምጦ መጨረሻው ላይ «ቋ» የሚል ከሆነ ግን ሞላው ለነጂው ክብደት ሳስቷል ማለት ነው። ሁለቱም እጅ ይመታሉ፤ ሞላ መቀየር የሚጠቅመው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ፍትጊያውን የሚያመጣው በእኛ አገር ቀዩ አፈር ነው። ከማና ወይም ከሰቃ መንገድ የመጣ ጭቃ በሚያንጸባርቀው የአሞርዛተሩ ቧንቧ ላይ ይደርቃል። ባለቤቱ ላቫጆ ይወስደዋል፤ በግፊት የሚረጨው ውሃ የአቧራ መከላከያውን ጎማ አልፎ ጭቃውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ስፈታው የውስጡ ግራሶ የቡና አተላ መስሎ ይወጣል፤ በጣት ሲያሹት አሸዋው ይንኮሻኮሻል። በቤንዚን አጥቤ ሳይሆን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ነው የማጸዳው፤ ቤንዚን የጎማ ክፍሎቹን ያበላሻል። ከዚያ ለስላሳ ግራሶ በስሱ እቀባለሁ። ለኩሽኔታ የሚሆነው ወፍራሙ አይሆንም፣ ራሱ ይይዘዋል። ብዙው ብስክሌት በዚህ ብቻ ይስተካከላል፤ ያለ ምክንያት ሞላ መሸጥ ደግሞ የሰው ገንዘብ መብላት ነው።

የአሞርዛተሩ ራስ ላይ ያለው ማዞሪያም ያሳስታል። ሞላውን አስቀድሞ ይጨምቀዋል እንጂ ባሕርዩን አይለውጠውም፤ እስከ መጨረሻው ካጠበቁት ትንሿን እብጠት ሁሉ እጅ ይቀበላታል። ቧንቧው ላይ ቀጭን ክር አስሬ ነጂው ቀስ ብሎ እንዲቀመጥና እንዲወርድ አደርጋለሁ። 100 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ አሞርዛተር በሰው ክብደት 20 ያህል ዝቅ ካለ ልክ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከያዘ፣ ጎማውን አውጥቼ የአሞርዛተሩ ሁለት እግሮች አለመታጠፋቸውን ከፊትና ከጎን አያለሁ። ከወደቀ በኋላ የታጠፈ ቧንቧ በመዶሻ እንዳቀና የሚለምኑኝ አሉ፤ አዲሱ ውድ ስለሆነ አዝንላቸዋለሁ። ታጥፎ የተቃና ብረት ግን ይዳከማል፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ከተማ ሲወርዱ የጅሬን ቁልቁለት ላይ ቢሰበር ልጁን የሚያተርፈው ነገር የለም። ስለዚህ አላቀናም።