ራስን ማጥፋትን የመከላከል ሥራ ከወረዳ ይጀምራል

በጋምቤላ ክልል አኝዋሃ ብሔረሰብ ዞን፣ በደቡብ ሱዳን ድንበር አቅራቢያ የሚገኘው የዲማ ወረዳ በወርቅ ማዕድን የታወቀ ነው። ወርቅ ፍለጋ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የሚመጡ ወጣቶች ቤተሰባቸውንና የዘመድ አዝማድ ድጋፋቸውን ትተው በወረዳው ይሰነብታሉ። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ዲማ በርካታ የሱዳን ስደተኞችን አስጠግታለች። በጥር 1996 ዓ.ም በወርቅ ማውጫ ሥፍራዎቿ በደረሰው ጥቃትም የበርካታ ሰዎች ሕይወት አልፏል። ስደት፣ ሐዘን፣ ያልተጠበቀ ኪሳራና ከወገን መራቅ በተደራረቡበት እንዲህ ባለ አካባቢ የአእምሮ ጤና ጉዳይ ከወባና ከእናቶች ጤና እኩል ትኩረት የሚሻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ሕይወታቸው ያልፋል። ከእነዚህ ውስጥ 73 በመቶ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት በሆኑ ወጣቶች ዘንድም ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። አገርን የሚያለማው አምራች ኃይል በዚህ የዕድሜ ክልል የሚገኝ በመሆኑ ጉዳቱ ከቤተሰብ አልፎ የአገር ጉዳት ይሆናል።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ለአሥርት ዓመታት በዋናነት በአዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህን ለመለወጥ የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም ተግባራዊ እንዲሆን ተዘጋጅቷል። የስትራቴጂው ዋና ሐሳብ አገልግሎቱን ከአንድ ሆስፒታል አውጥቶ ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ጋር ማቀናጀት ነው። ሐሳቡ እንደ ዲማ ላሉ ወረዳዎች የተለየ ትርጉም አለው። በድባቴ የተያዘ ወጣት ወደ ጋምቤላ ከተማ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ለመጓዝ ገንዘብ፣ አስታማሚና ጊዜ ያስፈልገዋል። ሕመሙ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጥቀው ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገውን አቅምና ተስፋ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የአእምሮ ጤና ክፍተትን የማጥበብ መርሐ ግብር፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም ያልሆኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች አጭር ሥልጠና ወስደው የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞችን እንዲለዩና እንዲያክሙ ያስችላል። በመርሐ ግብሩ መሠረት ባለሙያው ተስፋ የቆረጠን ታካሚ ራሱን ስለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በግልጽና በአክብሮት ይጠይቀዋል። መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም፤ እንዲያውም ታካሚው ሸክሙን እንዲያካፍል በር ይከፍታል። አደጋው የቀረበ ከሆነ ታካሚው ብቻውን አይተውም፣ ጉዳት ሊያደርስበት የሚችል ነገርም ከአካባቢው እንዲርቅ ይደረጋል፣ ቤተሰብም በጥበቃው ይሳተፋል። ከዚያም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየሳምንቱ ያህል ክትትል ይደረግለታል። የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት የሚፈልግ በመሆኑ በእነዚህ ሳምንታት መካከል መድኃኒት ቢቋረጥ ወይም የሠለጠነው ባለሙያ ያለ ተተኪ ቢዛወር ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ከዚህ የተነሳ የመድኃኒት በጀትና የሠራተኛ ዝውውር ውሳኔ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይም ነው።

መከላከል በጤና ተቋም ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ደረጃ በደረጃ በማገዷ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ራስን በማጥፋት የሚደርሰው ሞት በአገሪቱ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ከባድ ጭንቀት ብዙውን ጊዜ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በዚያች አስጨናቂ ሰዓት አደገኛው ነገር በእጅ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። ስለሆነም የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የኬሚካል ሽያጭንና አቀማመጥን ሲቆጣጠሩ የጤና ሥራም እየሠሩ ነው። ትምህርት ቤቶች ወጣቶች ችግርን የመቋቋም ክህሎት እንዲያዳብሩ ማድረግ ይችላሉ። መገናኛ ብዙኃንም ድርጊቱን በዝርዝር ከመተረክና ከማጋነን ተቆጥበው እርዳታ የሚገኝበትን መንገድ ማመልከት ይጠበቅባቸዋል።

ሕጉም ለዚህ እንቅፋት አይሆንም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 ተጠያቂ የሚያደርገው ሌላው ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋን ወይም የሚረዳን ነው። ሙከራ አድርጎ የተረፈ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ በወቀሳ ፋንታ እንክብካቤ ሊያገኝ ይገባል። ቀደም ሲል ሙከራ ማድረግ ለዳግም አደጋ ከሚያጋልጡ ምክንያቶች ዋነኛው በመሆኑም፣ የተረፈው ሰው ከሁሉ በፊት ክትትል የሚያስፈልገው ነው።

የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያማክራቸው በመሆናቸው፣ ጸሎትና ምክር ከሕክምና ጋር ጎን ለጎን እንዲሄዱ ማድረግ ይችላሉ። መሥሪያ ቤቶችም ከቤተሰባቸው ርቀው በጠረፍ ወረዳዎች የሚያገለግሉ ሠራተኞቻቸውን ማሰብ ይኖርባቸዋል። ታታሪ የነበረ ባልደረባ ከሰው ሲሸሽ፣ እንቅልፍ ሲያጣ ወይም መኖር ሰልችቶኛል ሲል ሲሰማ፣ ነገሩ ቅጣትን ሳይሆን ጥያቄን ይጠይቃል። ቀርቦ ማዳመጥና እስከ ጤና ተቋም አብሮ መሄድ ልዩ በጀት ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ተግባር ነው።